የሱፉን ኮክቴል ያዘዙኝ ሽማግሌ

የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ስልኬን አውጥቼ የማነብ ሰው ነኝ። ድምፅ ሰማሁ ለሚል ሰው የውኃ ቱቦ ነው፣ ጥላ አየሁ ለሚል ደግሞ እንቅልፍ አልጠገብክም እላለሁ፣ ዛሬም ቢሆን በሌላ ሰው ላይ ደረሰ ብላችሁ ብትነግሩኝ አላምናችሁም። በራሴ ላይ የደረሰውን ግን ምን ላድርገው?

ነገሩ የሆነው እዚህ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ባርና ሬስቶራንት ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። በፈረንጆቹ 2012 የከፈትነው እኔና ሚኪያስ ነን። ከዚያ በፊት ቻምበርስ ሮድ ላይ አንድ አፓርታማ ውስጥ አራት ዓመት አብረን ኖረናል፣ እሱ ሶፋ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ። እሱ አፍ አለው፣ እኔ እጅ አለኝ። ኮክቴል መሥራት ማንም አላስተማረኝም፣ ከላይብረሪ መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ እየለካሁ፣ እየደፋሁ ነው የተማርኩት። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ያኔ ገና ስላላለቀ የቤቱ ፈቃድ በእሱ ስም ወጣ፣ እሱም እጄን ጨብጦ «ኤርሚ፣ ቤቱ የሁለታችን ነው» አለኝ። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር።

አምስተኛው ዓመት ላይ ቤቱ ሐሙስ ሐሙስ ሰልፍ የሚያዝበት ሆነ። ሚኪ «አንተ ጠንቃቃ ነህ፣ የቤቱን ታሪክ ጻፍልኝ፣ አዲሱ ሜኑ ጀርባ ላይ እናትመዋለን» አለኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጎረቤቶቹን እየዞርኩ ጠየቅኩ፣ ሕንፃው ድሮ በአቅራቢያው የነበረው የሎውሪ አየር ኃይል ሰፈር ወታደሮች የሚጠጡበት ቢራ ቤት ነበር፣ ቀጥሎ ልብስ ንጽሕና መስጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ለዓመታት ተዘጋ። ከዚያ እኛን ጻፍኩ፣ ግድግዳውን የቀባነውን ቀለም፣ ሚኪ ከመሰላል ወድቆ ክርኑ ማበጡን፣ መጀመሪያ የቀዳነውን መጠጥ ሳይቀር። አንድ ገጽ ናት፣ ያላጣራሁት ዐረፍተ ነገር የለባትም። ሚኪ አንብቦ «አሪፍ ነው» አለና ወደ ማተሚያ ቤት ላከው።

ሜኑው የሚመጣበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ስኖው ይጥላል፣ ቤቱ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ብቻዬን ብርጭቆ እወለውላለሁ። መጀመሪያ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ያ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ። እመኑኝ፣ የበረዶ ማጠራቀሚያው ገና ባዶ ነበር፣ ልሞላው ባልዲ ይዤ ልነሳ ስል ነው። ትንሽ ቆይቶ የወንበር እግር ወለሉ ላይ ተጎተተ። ማሞቂያው ነው ብዬ ዞር ስል ሽማግሌው ተቀምጠዋል።

ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፣ ካፖርቱ ደረቅ ነው፣ ጫማቸውም ደረቅ ነው። ውጭ ያለውን ስኖው አይቼ ጫማቸውን ሁለቴ ተመለከትኩ።

«አባቴ፣ ገና አልከፈትንም፣ እንዴት ገቡ?»

«በበሩ ነዋ! ሌላ መግቢያ አለው?»

በዚያ ብርድ ሽማግሌ አስነስቼ ማስወጣት አልቻልኩም፣ «ምን ልቅዳልዎት?» አልኩ።

«ያንን የሱፉን።»

እጄ ቆመ። ይሄ መጠጥ ሜኑ ላይ የለም። ሱፉን ፈጭቼ፣ በጨርቅ ሁለቴ አጥልዬ፣ በስኳርና በኮረሪማ ሲሮፕ አድርጌ፣ ከጂንና ከሎሚ ጋር ሳዋህደው እንደ ወተት እየተቆራረጠ ይበላሽብኝ ስለነበር፣ ያኔም አብረን በምንኖርበት የቻምበርስ ሮድ ኩሽና አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬ ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር የተሳካልኝ። የቀመሰው ሚኪ ብቻ ነው። ሲሮፑንም ባር ያመጣሁት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው።

«ማን ነገረዎት?»

«እዚህ ቤት የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ፣ ወደይ» አሉኝ፣ አስመራ ያደጉ ትልልቅ ሰዎች ልጄ ሲሉ እንደሚሉት፣ አማርኛቸው ግን የድሮ የትምህርት ቤት አማርኛ ነው።

ባልዲዬን ሞልቼ መጣሁ፣ ለካሁ፣ በጠበጥኩ፣ ቀዳሁ፣ እንደ ሙያችን በስትሮ ጫፍ ልቀምስ ስል «በሱ አይደለም፣ በመዳፍህ» አሉ። ገባኝ። የድሮ ጠጅ አሳላፊ ለጌታው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣል፣ መርዝ የለበትም ለማለት። አደረግኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን ብርጭቆውን አልነኩትም።

«ሎውሪ ለሥልጠና መጥተን ከጓደኛዬ ጋር እዚህ ነበር የምንጠጣው» አሉ። «እሱ ይቀዳል፣ እኔ እጠጣለሁ። አንድም ቀን ቅመስ ብዬው አላውቅም፣ ወንድሜ ነዋ!» ሳቁ፣ ሳቃቸው ደስ አይልም። «የቤቱን ታሪክ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ራስህንም ጽፈሃል?»

«ጽፌአለሁ።»

«እንግዲህ ሲመጣ አንብበው። ያ ጓደኛህ ሲቀዳልህ ቀምሶልህ ያውቃል?»

ስልኬ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ጮኸ። ሚኪ ነው፣ ሜኑውን ይዤ ደረስኩ አለ። አሥር ሰከንድ አይሆንም፣ ስዞር ወንበሩ ባዶ ነው። ብርጭቆውም ባዶ ነው፣ ባዶ ስላችሁ የተጠጣ አይደለም፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ አፉን ተደፍቶ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ከፍቼ አየሁ፣ ደጃፉ ላይ አንድ ዱካ የለም። መዳፌ ብቻ ሲሮፑ ደርቆበት ይጣበቃል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ መንፈስ እንዲሆን ነው የተመኘሁት። ሰው ከሆነ የሱፉን የነገረው ሚኪ ነው፣ መንፈስ ከሆነ ግን ሚኪ ንጹሕ ነው።

ሚኪ መኪናውን ከኋላ ፓርክ አድርጎ ካርቶኑን ተሸክሞ ገባ። አንዱን መዝዤ ገለበጥኩት። ወታደሮቹ አሉ፣ ልብስ ንጽሕናው አለ። ቀጥሎ ሚኪያስ «ብቻውን፣ በአንድ ሕልም» ቤቱን ከፈተ ይላል፣ መጠጦቹን ከእናቱ ጓዳ አምጥቶ። ሜኑው ፊት ላይ፣ ከመጠጦቹ ሁሉ በላይ፣ የእኔ የሱፍ ኮክቴል በእናቱ ስም ተጽፏል። እናቱን በስልክ ስንት ጊዜ አዋርቻቸዋለሁ፣ ሱፍ አይወዱም።

«እኔስ የት ነኝ?» አልኩት።

«ኤርሚ፣ አታካብድ! ሰው ማንበብ የሚወደው ስለ አንድ ሰው ነው፣ ማርኬቲንግ ነው እኮ።»

«መሰላሉን ሳይቀር አውጥተኸዋል።»

«መሰላሉ ደግሞ ለማን ይጠቅማል?»

«የሱፉን ለማን ነገርክ? አሁን አንድ ሽማግሌ መጥተው አዘዙኝ።»

«በተቆለፈ ቤት?» ሳቀብኝ። «ሰይጣን ማየት ጀመርክ? ቆይ፣ ካሜራውን አይቼ ላሳፍርህ።»

ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋ። ካሜራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ምስል እንጂ ድምፅ አይቀዳም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲወጣ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ምን አየህ?»

«ምንም። ዛሬ አልቀዳም።» ካርቶኑን እንዳለ አንስቶ በጓሮ በር ወጣና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው። ተመልሶ «እንደገና እናሳትመዋለን፣ አንተ እንደጻፍከው። ስምህ ከላይ ይሆናል» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስለ እኔ ምን አሉህ?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ እሱ አንድ ቃል እንደተናገሩ አልነገርኩትም ነበር።

እንግዲህ ስሜ ተመለሰ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት አንዲት ቃል ነበር፣ በድዬሃለሁ እንዲለኝ። በአንድ ኩሽና ውስጥ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩት፣ ሰላምታ እንኳን እየፈራ ነበር የሚሰጠኝ። አዲሱ ሜኑ የሚመጣበት ቀን እዚያ ቤት የመጨረሻ የሥራ ቀኔ እንዲሆን ወሰንኩ።

መጣ። ባሩ ላይ ፊት ለፊት ቆመን አነበብኩት። ቀለሙ አለ፣ መሰላሉ አለ፣ ስሜ ከላይ አለ። ከቢራ ቤቱ ቀጥሎ ግን እኔ ያልጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ገብቷል፣ ሃብቶምና ወርቁ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ለሥልጠና ሎውሪ መጥተው እዚህ ይጠጡ እንደነበር፣ ወደ አገሩ የተመለሰውም አንዱ ብቻ እንደሆነ። ሽማግሌው ለእኔ ስማቸውን አልነገሩኝም።

«ሚኪ፣ ይሄን ስም ከየት አመጣኸው? ካሜራው ድምፅ የለውም እኮ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አምስት ዓመት አብሬው ስሠራ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ ከዚያ «በድያለሁ፣ ይቅርታ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ግን አየሁት፣ የሚያየው እኔን አልነበረም፣ ከጎኔ ያለውን፣ ሽማግሌው ተቀምጠውበት የነበረውን ወንበር ነበር።