የቬንደሊን ምላስ

በማይን ወንዝ ዳር ባሉት የወይን መንደሮች ሁሉ በወይን ቀማሽነቱ ምላሱ የሚፈራ ሰው፣ መራራ ገዳይ መድኃኒት የተሟሟበትን ደረቅ ወይን ጠጅ እንዴት እስከ ጭላጩ ጨለጠው? ጣፋጭ ወይን ቢሆን ምሬቱን በሸፈነው ነበር፤ ሲልቫነር የተባለው ይህ ወይን ግን ስኳር የለውም፣ ምንም ነገር አይሸሽግም።

ሽማግሌው ቬንደሊን ከምሳ ገበታው ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ ነጭ አስፓራገስ የተባለው አትክልት የቀረበበት ሳህንም ተጠርጓል። በቤቱ የነበሩት እህቱ፣ ልጁና ወይን ጠማቂው ጌርኖት ብቻ ናቸው። መርማሪዋ አኔሊ የዚሁ መንደር ልጅ ናት፤ ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ግን እሷ መንደሩን አላመነችም፣ መንደሩም እሷን አላመነም። ጠርሙሱን የከፈተው ጌርኖት ነውና፣ አብሮ አደጓን በሰው ፊት በፖሊስ መኪና ወሰደችው። ነጻ የሚያወጣው ነገር ካልተገኘ ቀሪ ዕድሜው እስር ቤት ነው።

«ከሽማግሌው ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«የኮመጠጠ በርሜል ቀምሶ ‹ግሩም ነው፣ አሽገው› አለኝ። አሸግሁት። አሁን መንደሩ ‹ኮምጣጤ ነጋዴው› ይለኛል። ቄስ የባረከውን ማን ይመረምራል?» ትክ ብሎ አያት። «አንቺን ግን እዚያ ማዶ መጠርጠር ብቻ ነው ያስተማሩሽ?»

የሟቹ እህት ዋልቡርጋ ደግሞ በዚያ ምሳ አስፓራገሱ ላይ ጨው መርሳቷን እያለቀሰች ነገረቻት። «ጨው የጎደለውን ድስት ከነክዳኑ የሚወረውር ሰው፣ ያን ዕለት ‹እጅሽ ይባረክ› አለኝ። እስካሁን ይገርመኛል፣ ልጄ።»

እንግዳ ሲመጣ ወይኑን ማን እንደሚቀምስ አኔሊ ጠየቀች። ዋልቡርጋ እንደነገረቻት፣ ከከተማ የሚመላለሰው የሟቹ ልጅ ፋልክ ቀድሞ ቀምሶ የፖም ሽታ አለው፣ የለውም ይላል፤ አባትየው ያንኑ ይደግማል።

በማግስቱ ሦስቱንም በዚያው ገበታ ሰበሰበቻቸው። መራራ ሥር የተዘፈዘፈበት ሲልቫነር ቀዳችላቸው። ዋልቡርጋ ተፋችው፤ ጌርኖትም ተፋው። ፋልክ ወደ መሐረቡ እየተፋ «ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አለ።

«ጤነኛ ምላስ ይህን አይውጥም» አለች አኔሊ። «ቬንደሊን ግን ዋጠው። ኮምጣጤውን ግሩም አለ፤ ጨው የሌለውን አስፓራገስ አመሰገነ። ምላሱ ሞቶ ነበር። ያንን የማያውቅ ሰው ደግሞ መራራ ነገር በደረቅ ወይን አይሰጠውም። እትዬ ዋልቡርጋ፣ እርስዎ ቢያውቁ የጨውን ነገር አያነሱልኝም ነበር። ጌርኖት ቢያውቅ የኮመጠጠ ወይን አሽጎ መሳለቂያ አይሆንም ነበር። አባትህ ይቀምስ የነበረው በአንተ ምላስ ነው፣ ፋልክ።»

ፋልክ መሐረቡን አጣጠፈ። «እርሻውን የሚገዙት ሰዎች ሰኞ ሊመጡ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሱ ደግሞ ምላሴ መሞቱን እነግራቸዋለሁ አለ። ስሙ ከሌለ ወይናችን ውኃ ነው።»

ፋልክን ሲወስዱት ጌርኖት ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ወደ ምድር ቤት ወረደ። አኔሊን ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ወንዙ ዳር መኪናዋን አቁማ ጻፈችለት፤ «ሰው ፊት ከምወስድህ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። እሁድ አስፓራገስ እሠራለሁ። ወይኑን አንተ አምጣ።»

መልእክቱ እንደተነበበ ስልኳ አሳያት። እሁድ ጨው እንዳትረሳ ተጠንቅቃ ቀቀለች፤ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ባዶ ብርጭቆ አቀረበች። አስፓራገሱ ቀዘቀዘ፤ ስልኩ ዝም አለ።