ወደ ጥግ የሚሰገድበት ቤት

የሽማግሌው የአቦኮር አስከሬን በቀኝ ጎኑ ተኝቶ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ዐይኖቹ ተከድነው ነበር። ሽማግሌው ተገፍትረው ማጅራታቸው ከበሩ የድንጋይ ደፍ ጋር እንደተላተመ መርማሪው ዋይስ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤቱ ገና ሲገባ ገባው። ያልገባው፣ የገፈተራቸው ሰው እንዲህ አሳምሮ ያስተኛቸው ለምን እንደሆነ ነው።

የሰፈሩ ጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ዱዓሌ ግን ነገሩን ጨርሶታል። የሟቹን ተከራይ ኬብሮንን ማታውኑ አስሮታል። ኬብሮን አየር ማረፊያው ውስጥ የአውሮፕላን ሬዲዮ የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሀርጌሳ ግማሽ ገና ጣሪያ ባልለበሰበት በዚያ ዘመን፣ ሬዲዮ የሚነካካ የውጭ ሰው ሰላይ ለመባል ብዙ አይቀረውም። ክስ የለም፣ ዳኛም አላየውም፤ «በጸጥታ ትእዛዝ» የምትል ሐረግ በቂ ሆና ተገኘች። ዋይስ ይህችን ሐረግ በሰማ ቁጥር ደሙ ይፈላል። ያለፈው መንግሥት እሱንም ያሰረው በዚህችው ነበር። ያ ሁሉ ሰው በጦርነቱ ያለቀው እሷኑ መልሶ ለማምጣት ነው እንዴ?

እስር ቤቱ ሲደርስ፣ ዘበኛው በዱዓሌ ትእዛዝ ለዚህ እስረኛ ብሎ ትናንት ከሰዓት በኋላ ክፍል እንዳስለቀቀ እያማረረ ነገረው። ዋይስ ወደ ኬብሮን ገባ። ሐረር ተምሮ ያደገ ስለሆነ አማርኛው አይታማም።

«ከሽማግሌው ጋር በምን ቋንቋ ነበር የምታወሩት?»

«በአማርኛ ነዋ፣ ጋሽ ዋይስ። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርተው የለ? የእኔ ሶማሊኛ ከገበያ አያልፍም።» ቀጥሎ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀው። ዋይስ በራሱ ተናዶ ወጣ።

የሟቹ ልጅ ኢስታሂል የኬብሮንን ስም መስማት አልፈለገችም። ትናንት ከመግሪብ፣ ከጀንበር መጥለቂያው ሶላት፣ በፊት ጎረቤታቸው ዳሂር ቤት ሳለች የአባቷን ድምፅ በአጥር በኩል ሰምታለች። «ወረቀት ሳትይዝ እዚህ ቤት አትገባም» ሲሉ ነበር። አባቷ ኬብሮንን የኪራይ ውል የጠየቁት መሰላት።

«በምን ቋንቋ ነው ያሉት?» አላት ዋይስ።

«በሶማሊኛ» አለችና የራሷ መልስ አስደነገጣት።

ዳሂር ደግሞ ሟቹን ለመግሪብ ሊጠራ ገብቶ እንዳገኛቸው፣ በእጁም እንዳልነካቸው ምሎ ተናገረ።

ከቀብር በኋላ ዋይስ ሦስቱን ሟቹ በተገኙበት ክፍል ሰበሰባቸው፤ ዱዓሌን፣ ዳሂርንና ኢስታሂልን። የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ሲሰማ ዋይስ ለዱዓሌ መስገጃ አቀበለው። ዱዓሌ ቂብላው፣ ማለትም የመካ አቅጣጫ፣ በዚያ በኩል መስሎት አስከሬኑ ፊቱን አዙሮበት ወደነበረው ግድግዳ አቅንቶ ዘረጋው።

«ወደ ጥጉ ነው» አለ ዳሂር። «ቤቱ በፈረሰው መሠረት ላይ ጠማማ ሆኖ ነው የተሠራው። እዚህ ቂብላ ወደ ጥግ ነው።»

«የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ወደ ግድግዳ ይሰግዳሉ፤ ይሄ ብቻ ወደ ጥግ» አለ ዋይስ። «ሟቹን እንደ ወጉ በቀኝ ጎን ወደ ቂብላ ሊያዞራቸው ያሰበው ሙስሊም ነው፤ ያዞራቸው ግን ወደ ግድግዳው ነው። ልጃቸውና ዳሂር ይህን አይሳሳቱም። ኬብሮንም ማዞሩን ቢያውቅ እንኳ ዓመት ሙሉ ወደ ጥግ ሲሰገድ አይቷል።»

«ከተማው ሙሉ ሙስሊም ነው» አለ ዱዓሌ። «እኔን ለምን?»

«ከተማው ሙሉ ግን ወረቀት አይጠየቅም። በሶማሊኛ ወረቀት የተጠየቀው ሊያስር የመጣ ሰው ነው። ለኬብሮን ክፍል ያስለቀቅከው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሽማግሌው ያኔ በሕይወት ነበሩ። በምን ወንጀል ልታስረው ነበር?»

ዱዓሌ መስገጃው ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው የፍርድ ቤት ወረቀት ካላመጣህ ተከራዬን አትነካም ብለው በሩን እንደዘጉበት፣ እሱም ገፋ እንዳደረጋቸው አመነ። «ዐይናቸውን እንኳ የከደንኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ይህም ሊቆጠርለት የፈለገ ይመስል ነበር።

ዱዓሌን ፖሊሶች ወሰዱት። ዋይስ ከኢስታሂል ጋር በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሄደ፤ ዘበኛው ግን በሩን አልከፍትም አለ። ኬብሮንን ያሰረው ፍርድ ቤት ስላልሆነ ዳኛ ሊፈታው አይችልም፤ የሚፈታው ያዘዘው ሰው ፊርማ ብቻ ነው። ያዘዘው ደግሞ ዱዓሌ ነው። ዱዓሌ የታሰረበት ድረስ ሄደው ሲጠይቁት፣ የእስረኛ ፊርማ ዋጋ የለውም ብሎ መለሳቸው። ዋይስ በመንገዱ ሁሉ እየተራገመ ወደ ኬብሮን እስር ቤት ተመለሰ። ገዳዩን አገኘ፣ ንጹሑን ግን ማስወጣት አልቻለም።

ኢስታሂል ወደ መስኮቱ ፍርግርግ ተጠጋች። «አባቴን የገደልክ መስሎኝ ረግሜህ ነበር» አለችው። «በሩ ላይ ቆሞ የሞተው ላንተ ነው።»

ኬብሮን ግንባሩን ብረቱ ላይ ደግፎ አለቀሰ። ዋይስ ለቅሶ ቤት ሰው እየጠበቃት ስለሆነ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ለመናት። እሷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እስር ቤቱ በር ላይ ተቀመጠችና፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው እዚህ ይምጣ አለችው።