አየሩ ንጹሕ ነው

የመጋዘን ጠባቂው አወቀ የሞተው በስንዴ ጆንያዎች መካከል፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው። ስልኩን በቀኝ እጁ እንደ ጨበጠ ነበር። የአማኑኤል ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን በሮች ከተከፈቱ ብዙ ቢቆዩም፣ ነጭ ሽንኩርት የሚመስለው የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ገና ከውስጥ አልወጣም።

ኢንስፔክተር የብርጓል ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ገባች። ከጆንያው ክምር ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጋዝ መለኪያ ቀይ ያበራል። ፖሊሱ የሟቹን ስልክ አቀበላት። አወቀ ከመግባቱ በፊት «መጋዘኑ ደህና ነው ወይ?» ብሎ ጠይቋል። የስልኩ ረዳት የመለሰለት ቃል እንዲህ ይላል፦ «አየሩ ንጹሕ ነው፤ መግባት ይችላሉ።»

«መለኪያው አደጋ ይላል፤ ስልኩ ግቡ ይላል» አለ ፖሊሱ። «አንደኛው ዋሽቷል።»

«ሰውዬው ግን ቀዩን መብራት አይቶታል» አለች የብርጓል። «አይቶ ነው ወደ በሩ የዞረው።»

ከመለኪያው ሥር አንድ ባዶ ምስማር ነበር። ግድግዳው ሁሉ የእህል ብናኝ ለብሷል፤ በምስማሩ ዙሪያ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ቦታ አለ። አጠገቡ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

ከግቢው በር ላይ ጩኸት ተሰማ። የአወቀ ሚስት ወሰንየለሽ ነጠላዋን እየጎተተች ስትሮጥ መጣች፤ ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ያዟት።

«ትንሽ አሞት ነው፤ ሐኪም ቤት ወስደውታል» ይሏታል።

ወሰንየለሽ የብርጓልን ስታይ እጇን ያዘች። «አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ አትዋሺኝም። ደህና ነው?»

የብርጓል የጎረቤቶቹን ዓይን አየች። ዘመዶች ከመርጡለ ማርያም እስኪደርሱ፣ መርዶው እንደ ወጉ ማለዳ እስኪነገር፣ መንገድ ላይ ሞተ አይባልም።

«ደህና ነው፣ እትዬ። ይረጋጉ» አለቻት።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ጌታሰው ቢሮው ውስጥ ላቡን እየጠረገ ጠበቃት።

«ከአወቀ ጋር አትስማሙም ነበር ይባላል።»

«ከማን ይስማማ ነበርና! ከጥላውም ጋር ይጣላል፤ ነፍሱን ይማርና። ግን እህሉን እንደ ልጁ ነበር የሚጠብቀው። እኔ ክፉ አልመኝለትም፣ ኢንስፔክተር።»

የብርጓል የምታየው እሱን ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ የኢንተርኔት ሳጥን ነበር። በሳጥኗ ቀዳዳዎች ውስጥ የእህል ብናኝ ገብቷል።

«ይህቺ ከመጋዘኑ ነው የመጣችው?»

«አዎ። ከዞን እንግዶች መጥተው ኢንተርኔት ሲሉኝ ነቅዬ አመጣኋት። ልመልሳት፣ ልመልሳት እያልኩ…»

«መድኃኒቱ ከመቀመጡ በፊት?»

«በፊት ነው።» ጌታሰው ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «መለኪያው በእሷ በኩል ነው እንዴ የሚናገረው? ግን እኮ ስልኩ መልሷል! መስመሩ ቢቋረጥ ኖሮ ይናገር ነበር?»

«ይህን ለማንም አትንገር» አለችው የብርጓል። «ቢሮህንም ቆልፈው።»

የስልኩን ረዳት የሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ የጽሕፈት ዕቃ መደብር ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። ባለቤቱ አምሳሉ ቀድሞ የፊዚክስ መምህር ነበር። ተነሥቶ ወንበር አቀረበላት፤ ስለ ሟቹ አዝኖ ዓይኑን ጠረገ። እንባው የውሸት አልነበረም።

«እኔ ደንበኛ አመጣለሁ፣ ወንጌላዊት ትሠራለች» አለ። «ረዳቱን ከመለኪያው ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር መንሽ ነው የምንለው። የማን እጅ እንደነካው መዝገቡ ራሱ ይናገራል።»

ኮምፒውተሩን አዞረላት። የመጨረሻው ለውጥ በወንጌላዊት ስም ተመዝግቧል።

«ልጅቱ ላይ ግን አትጨክኑባት» አለ አምሳሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስልኩ የሰጠው መልስ ውሸት አይደለም። ሲነበብ እውነት ነበር፤ አረጀ እንጂ።»

የብርጓል ብዕሯን አቆመች። ቀና ብላ አየችውና ቃሉን እንዳለ ጻፈችው።

ወንጌላዊት በዚያው ቀን ተይዛ ጣቢያ ገባች። ሃያዎቹን ያላገባደደች፣ ቀጭን፣ ስትናገር ጣቶቿን የምታቆላልፍ ልጅ ናት። ከሌላ ክልል ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች በመሆኗ፣ ምግብ የሚያመላልስላት ዘመድ ከተማው ውስጥ አልነበራትም።

«መንሽ ምንድን ነው? ለእኔ እንዲገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ።»

«የስልኩ ረዳት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ያነባል፣ ይናገራል፤ እጅና ዓይን ግን የለውም። መለኪያ ማየት ሲፈልግ መንሽን ይጠራል። መንሽ ሄዶ አይቶ መልሱን ያመጣለታል።»

«ተላላኪ ነዋ።»

«አዎ፣ ተላላኪ። ላኪው ደግሞ ተላላኪው ያለውን ሁሉ ያምናል፤ ሌላ ማመሳከሪያ የለውም።»

«ተላላኪው ሄዶ መለኪያው ዝም ቢለውስ?»

«'አላውቅም፣ አይግቡ' ይላል። እንዲያ አድርጌ ነው የሠራሁት።» ወንጌላዊት ይህን ያለችው ሳትጠራጠር ነው። «ሙከራም አለው። አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ሙከራው መለኪያውን እንደ ጠፋ አድርጎ ይጠይቃል። መልሱ ሌላ ከሆነ ለውጡ አያልፍም።»

የብርጓል የተያዘውን ኮምፒውተር አስመጣችላት። ልጅቱ ጥቂት ፈለገችና እጇ ቆመ።

«ሙከራው አለ። ግን… 'እለፈው' ተብሏል።» ጣቷን ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደች። «መለኪያው ዝም ሲል ደግሞ የመጨረሻውን ንባብ እንዲደግም ተደርጓል። እኔ አይደለሁም። በእግዚአብሔር፣ እኔ አይደለሁም።»

«ስምሽ አለበት።»

«ኮምፒውተሬ እኮ አይቆለፍም! አንድ ቀን በይለፍ ቃል ዘግቼው ብወጣ ጋሽ አምሳሉ 'እኔን ነው የምትጠረጥሪኝ?' አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከፍቼው ነው የምወጣው።» ከዚያ በድንገት ብድግ አለች። «ይጁቤ! የይጁቤ መጋዘን መድኃኒት ላይ ነው ያለው፤ መንሽም ያው ነው። እባክዎ ይደውሉ! እኔን በኋላ ይጠይቁኛል!»

የይጁቤው መጋዘን ጠባቂ ስልክ አይነሣም ነበር። ወንጌላዊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የራሷ ሥራ በሌላ ሰው እጅ ውስጥ ሆኖ፣ ከዚህ ክፍል ልታደርስለት የምትችለው አንዲት ቃል አልነበረም። የይጁቤ ፖሊስ ሰው ልኮ በሩን እንዳሸገ እስኪያሳውቅ ድረስ አልተቀመጠችም።

ከቀብሩ በኋላ የብርጓል ሁሉንም አማኑኤል መጋዘን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወሰንየለሽ ጥቁር ለብሳ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ወንጌላዊት በፖሊስ ታጅባ ቆማለች። አምሳሉ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። የኢንተርኔቷ ሳጥን ወደ ምስማሯ ተመልሳለች።

«መለኪያው አልዋሸም» አለች የብርጓል። «ቀይ እንዳበራ አገኘነው። ስለዚህ ነገሩ የተበላሸው በመለኪያውና በስልኩ መካከል ነው።»

የሳጥኗን ሽቦ ነቀለችና በአወቀ ስልክ ጠየቀች። ረዳቱ ወዲያው መለሰ፦ «አየሩ ንጹሕ ነው፤ መግባት ይችላሉ።»

ጌታሰው አማተበ።

«አሁን መለኪያው አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም። ስልኩ ግን የመጨረሻውን ንባብ ደገመ። አቶ ጌታሰው ሳጥኗን የወሰደው መድኃኒቱ ከመቀመጡ በፊት ነው፤ ያኔ አየሩ በእርግጥ ንጹሕ ነበር። አወቀ መድኃኒቱ የሚቆይበትን ቀን ጠብቆ ሲጠይቅ የተነገረው ያ ነው። አቶ ጌታሰው ጥፋተኛ ነው፤ ግን መንሽ እንደ ቀድሞው 'አላውቅም' ቢል ኖሮ አወቀ በር ላይ ይቆም ነበር። ያንን ቃል ማን ከአፉ ወሰደው?»

«ስሟ ተጽፏል» አለ አምሳሉ በቀስታ።

«ስሟ በክፍት ኮምፒውተር ላይ ተጽፏል። ለውጡ ግን የእሷን እጅ አይመስልም። ሙከራውን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ሐሳቧን ብትለውጥ ሙከራውን አብራ ትለውጠው ነበር። የለወጠው ሰው ግን ሙከራው ሲጮህበት እንዴት እንደሚያስተካክለው አላወቀም፤ 'እለፈው' ብሎ አፉን ዘጋው። ኮድ መንካት የሚችል፣ ሙያው ግን ያልሆነ ሰው ነው።»

«ይህ ግምት ነው።»

«ግምት ነበር። ቢሮዎ በመጣሁ ቀን መልሱ 'አረጀ እንጂ' አሉኝ። ስለ ሳጥኗ ያወቅነው እኔና አቶ ጌታሰው ብቻ ነበርን። መንሽን የሠራችው ልጅ እንኳ መስመሩ ሲቋረጥ አሮጌ መልስ ሊመለስ ይችላል ብላ አላሰበችም፤ አይሆንም ብላ ተከራከረችኝ። እርስዎ ግን ሳይነገርዎት ያውቁ ነበር።»

አምሳሉ ባርኔጣውን ጆንያ ላይ አስቀመጠ።

«የማኅበሩ ሽማግሌዎች ሰብስበው ወቀሱኝ» አለ። «መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ረዳቱ 'አላውቅም' ይል ነበር። 'እንግዳ ፊት አዋረደን፤ አላውቅም የሚል አሽከር ምን ይረባል?' አሉ። አወቀም አብሮ ነበር፤ እሱም አፍሮ ነበር። እኔ… መስመሩ እስኪመለስ ብዬ ነው። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነው ቢል ብዬ። ሞት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለምን ለእኔ አልነገሩኝም፣ ጋሽ አምሳሉ?» አለች ወንጌላዊት።

«እምቢ ትይኛለሽ።»

«ስታሰርስ?»

ፖሊሱ ወደ አምሳሉ ተጠጋ።

የብርጓል ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንቺ ነፃ ነሽ። ከይጁቤ ሌላ የት አለ?»

«አላውቅም። መንሽን ለማንም በነጻ ነው የለቀቅነው፤ ሲወስዱት ስም አይጠየቁም። ትናንት ጣቢያ ኮምፒውተሩን ሲሰጡኝ አስተካክዬዋለሁ፤ ማስጠንቀቂያም ጽፌአለሁ። የወሰደው ሰው ተመልሶ ካላየ ግን አሮጌው እጁ ላይ ነው። ማንን ልጥራ? በየት ልሂድ?» ጣቶቿን አቆላለፈች። «ቢያንስ የዚህኛውን አሁን ልቀይረው።»

የአወቀን ስልክ ተቀብላ ጥቂት ሠራችበት። ሽቦው እንደ ተነቀለ ነው።

ወሰንየለሽ ቀና አለች። «እሱ የጠየቀውን ጠይቂልኝ።»

ወንጌላዊት ጠየቀች። ስልኩ ጥቂት ዘገየና ተናገረ፦ «አላውቅም። መለኪያው አይመልስም። አይግቡ።»

ወሰንየለሽ ድምፁ እስኪያልቅ አዳመጠች።

«ይህቺ ቃል ናት የከበደቻችሁ?» አለች።

ከጆንያው ላይ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና የብርጓል ፊት ቆመች።

«አንቺም ደህና ነው ብለሽኝ ነበር። አምኜሽ ቤቴ ገብቼ ራቱን ሠርቼ ጠበቅሁት።»

ሴትዮዋ በጆንያዎቹ መካከል፣ አወቀ ፊቱን ባዞረበት በኩል፣ ወደ በሩ ሄደች።