ከላይ የቀረው ዳዶ

የጀልባው ሞተር ወድቆ ከሥሩ ገብቶ ይጠግን የነበረውን የአካሉን ደረት ሲያደቀው ሚስቱ ወንጌላዊት አጠገቡ ቆማ ነበር። ኢንስፔክተር የሺመቤት ጣና ዳር ካለው የጀልባ መጠገኛ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ የደሙ ሽታ ግን ከበሰበሰው እምቦጭ ሽታ ጋር ተደባልቆ ግቢውን ሞልቶታል። ወንጌላዊት መሬት ላይ ተቀምጣ «እኔ ነኝ የገደልሁት» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።

ሞተሩ የተንጠለጠለበትን ወፍራም ብረት የነደፈችው እሷ ናት። መንጠቆው ያለበት ብሎን ከታች ገብቶ፣ ብረቱን ዘልቆ፣ ከላይ በማጥበቂያው ዳዶ መታሰር ነበረበት። ቀዳዳው ግን ጥቂት ገብቶ ቆሟል፤ ብሎኑም ክብደቱን አልቻለም፣ ተነቅሎ ወደቀ።

የመጠገኛው ባለቤት ሸረፈዲን ንድፉን ዘረጋው። «ይኸው ይዩት! ስፋቱ ተጽፏል፣ የጥርሱ ዓይነት ተጽፏል፣ ጥልቀቱ የለም። ልጂቱን ይውሰዱልኝ።»

«ቀስ ይበሉ፤ ሰው እንደ ዕቃ አንረከብም» አለችው የሺመቤት። መጣደፉን አልወደደችለትም።

ቀዳዳውን የሠራው የቶርኖ ሠራተኛው ክንዱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ጥልቀቱን ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ? በግምት ሰረሰርሁት። እግዚአብሔር ያጽናት እንጂ ጥፋቱ የእሷ ነው።»

«ብሎኑን ማን አሰረው?»

«እኔው። አስሬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ሲደርቅ ነው የማስረክበው።»

«ሌላ ሰው አይነካውም?»

«የእኔን ሥራ? ማንም!» አለ በኩራት።

የሺመቤት ወንጌላዊት አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እኅቴ፣ ጥልቀቱን ለምን አልጻፍሽም?»

«እዚህ ቤት ጥልቀት ያልተጻፈለት ቀዳዳ ዳር እስከ ዳር ይበሳል። የምንጽፈው መሐል ላይ እንዲቆም ስንፈልግ ነው። ክንዱም ሁሌ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ግን ብጽፈውስ ምን ነበረበት? ወይኔ አካሉ!»

«ክንዱ ምንሽ ነው?»

«ምኔም። ከአካሉ በፊት ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። እኔ እምቢ አልሁ።»

የሺመቤት ተነሣች። መሰላል አስመጥታ ወጣችና ብረቱን ከላይ በኩል ለረጅም ጊዜ አየችው። ስትወርድ ፊቷ ጠቁሯል። ሁሉንም ከብረቱ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ብሎኑ ይኸውና መሬት ላይ ነው» አለች። «ታዲያ ዳዶው ከላይ ምን ይሠራል? እንደታሰረ ቁጭ ብሏል፤ የብሎን ጫፍም በመሐሉ ብቅ ብሏል።»

ሸረፈዲን ቀና ብሎ አየ። «ያ ረቢ! ብሎኑ ወድቆ እንዴት?»

«የወደቀው ብሎን ጫፉ በመጋዝ ተቆርጧል። ቁራጩ ዳዶውን እንዳጠለቀ ከላይ በኮላ ተለጥፏል። አካሉ ቀና ብሎ ሲያይ ዳዶውን አየ፤ ዘልቋል ብሎ አመነና ከሥሩ ገባ። አሁን ስሙኝ። በግምት የሰረሰረ ሰው ይሳሳታል፤ የተሳሳተ ሰው ግን ዳዶ አይለጥፍም። የለጠፈው መዝለቅ እንዳለበት የሚያውቅ፣ እንዳልዘለቀም የሚያውቅ ሰው ነው።»

«እኔ ብረቱን አሰቀልሁ እንጂ አልነካሁም!» አለ ሸረፈዲን።

«አውቃለሁ። ቀለሙ ከዳዶው ወደ ብረቱ ሳይቋረጥ ወርዷል። ስለዚህ ዳዶው የተለጠፈው ብረቱ ከመቀባቱ በፊት ነው። አቶ ክንዱ፣ ከመቀባቱ በፊት ከእርስዎ በቀር ማንም አልነካውም፤ ይህንንም ቅድም በራስዎ አፍ ነግረውኛል። እሱን ገድለው፣ እሷን ደግሞ ‹ባሌን ገደልሁ› እያለች እንድትኖር ፈረዱባት።»

ክንዱ ጨርቁን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንድም ጊዜ ወደ የሺመቤት አላየም፤ ዓይኑ ወንጌላዊት ላይ ነበር።

«ጥልቀቱን ብትጽፊው ኖሮ የማሳብበው አላገኝም ነበር» አላት። «ባልሽ ዛሬ ምሳውን ይበላ ነበር።»

«ዝም በል፣ አንተ አረመኔ!» ጮኸች የሺመቤት፤ አንቱታውም ቀረ። በካቴና አስራ አስወጣችው።

ተመልሳም ወንጌላዊትን ትከሻዋን ያዘቻት። «አንቺ አልገደልሽውም። ሰምተሽኛል?»

ወንጌላዊት አልሰማችም። ንድፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከቀዳዳው ጎን «ዳር እስከ ዳር» ብላ ጻፈች። ከሥሩም ደገመችው። ወረቀቱ እስኪሞላ ጻፈች፤ እስክሪብቶውን ከእጇ ልቀበል ያለ ሰው አልነበረም።