ያላቃጠለው መርፌ

ሲላስ የሞተው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ እጮኛው ሾርባ እያጠጣችው ሳለ ነው። ማንኪያው ከአፉ ሳይደርስ ግማሽ ፊቱ ተጣመመ፤ ምላሱ ተሳሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሹ ቆመ። የሃያ ስድስት ዓመት የሒሳብ መምህር ነበር። ወንድሙ ማቴዎስ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ። ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው።

ኢንስፔክተር ልክነሽ ስትደርስ ማቴዎስ ወደ ሲላስ እጮኛ ወደ አቢጋኤል እየጠቆመ ይጮሃል።

«መርዝ አብልታዋለች!»

«ከዚያው ሾርባ እኔም ጠጥቻለሁ» አለች አቢጋኤል እያለቀሰች።

ልክነሽ ለሁለቱም መልስ ሳትሰጥ ወደ ሐኪሙ ወደ ዶክተር ይፍሩ ዞረች።

«ሕመሙ ምን ነበር?»

«በልጅነቱ የቶንሲል ሕመም የልቡን ቫልቭ ጎድቶት ኖሯል። በቅርቡ ጥርሱን ሲያስነቅል ባክቴሪያ ገብቶ እዚያ ላይ ሰፈረ። ሕክምናው ክሪስታሊን ፔኒሲሊን ነው፤ በየአራት ሰዓቱ በደም ሥር፣ አራት ሳምንት ሙሉ። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር።»

«የገደለውስ?»

«ከቫልቩ ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ የአንጎሉን ደም ሥር ዘጋው። መርዝ አይደለም። ግን ኢንስፔክተር፣ ነገሩ አልገባኝም። መድኃኒቱ እየሠራለት ነበር።»

ልክነሽ የትኩሳቱን ሰንጠረዥ አነሳች። መስመሩ በአምስተኛው ቀን ወርዶ ሳምንት ያህል እንደተኛ ቆይቷል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሽቅብ ወጥቷል።

«በቀይ ያሰመረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ነርሷ ሲስተር ሰሊሆም። «ለዶክተርም ወዲያው ነግሬያለሁ።»

«ባክቴሪያው መድኃኒቱን የለመደ መስሎኝ ነበር» አለ ይፍሩ አንገቱን ደፍቶ። «ነገ አዲስ አበባ ልልከው ነበር።»

«መርፌውን የሚወጋው ማነው?»

«እኔና ተረኛዋ» አለች ሰሊሆም። «የሚበጠብጡት ግን ሁልጊዜ ጋሽ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ቤታቸው እዚሁ ከጀርባ ነው። እኛ የተሞላ ሲሪንጅ እንቀበላለን።»

ገብረ ማርያም፣ ሠላሳ ዓመት በድሬሰርነት ያገለገሉ ሽበታም ሰው፣ ከበሩ አጠገብ ቆመው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልክነሽ አቢጋኤልን ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«ሲላስ ስለ መርፌው ምን ይልሽ ነበር?»

«መጀመሪያ ክንዴን ያቃጥለኛል እያለ ይማረር ነበር። እናቴ ጋ ዶርዜ ሳምንት ቆይቼ ባለፈው ሐሙስ ስመለስ ግን ‹አሁን ምንም አይሰማኝም፤ እየዳንኩ ነው› አለኝ።»

ልክነሽ ወደ መበጥበጫው ክፍል ገባች። ሲሞላ የሚቃጠለውን የቆሻሻ ካርቶን ጋዜጣ ላይ ገለበጠችው። ከካርቶኑ ግርጌ የነበሩት ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጦችና የመበጥበጫ ውሃ አምፑሎች ነበሩ። በላይ በላዩ የተጣለው ግን አምፑል ብቻ ነበር፤ አንድም ብልቃጥ የለበትም።

ከዚያም ይፍሩን ጠየቀችው፤ «ይህንን መድኃኒት በዚህ ወር ለሌላ ሰው አዘዋል?»

«ለአንዲት ልጅ፤ የእሷም ሕመም ይኸው ነው። ከተማው ውስጥ ስለጠፋ አዲስ አበባ ትሂድ አልኩ። ሄዳለች ብለውኛል።»

ልክነሽ ስሟን ከመዝገቡ ላይ አንብባ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አምስቱንም በሐኪሙ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አቢጋኤል ንጹሕ ናት። ትኩሳቱ ሲመለስ ዶርዜ ነበረች። ማቴዎስ፣ አንተ መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ ድረስ ፈልገህ አመጣህ፤ ከዚያ በኋላ ግን መድኃኒቱ የሚቆለፍበት ቁም ሳጥን ቁልፍ እጅህ አልገባም። ሲስተር ሰሊሆም ጥፋተኛ ብትሆን ትኩሳቱን ትደብቀው ነበር እንጂ በቀይ አታሰምርበትም። ዶክተርም የተሞላ ሲሪንጅ ነክተው አያውቁም።»



«መርፌው ማቃጠሉን የተወው ሲላስ ስለዳነ አይደለም፤ መድኃኒቱ ስለሌለበት ነው። ክሪስታሊን ሲበጠበጥ ጥርት ያለ ስለሆነ ከውሃ በዓይን አይለይም። ከቆሻሻው ካርቶን የጠፉት ብልቃጦች የት እንደገቡም ቅድም አይቻለሁ። ማሚቱ ገብረ ማርያም እዚህ ጀርባ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች፤ ክንዷ ላይ መርፌ ተተክሏል። ጋሽ ገብረ ማርያም፣ ልጅዎ አዲስ አበባ አልሄደችም።»

ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው ተቀመጡ።

«መንገዱን አትችለውም ነበር። ሲላስ ደግሞ በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳቱ ከለቀቀው ሰንብቶ ነበር። ድኗል፣ የቀረው ትርፍ ነው አልኩ።»

«ትርፍ የለውም!» አለ ይፍሩ። «ትኩሳቱ ቢጠፋም ባክቴሪያው ቫልቩ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። አራት ሳምንት ያልኩት ለዚህ ነው!»

«ትኩሳቱ ሲመለስስ?» አለች ልክነሽ።

ገብረ ማርያም ወደ ጀርባ፣ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ተመለከቱ። «ልጄ ዓይኗን የገለጠችው በዚያው ቀን ነው።»

ማቴዎስ ዘሎ ተነሳ። «ለምን አልጠየቁኝም?»

«ከወንድምህ አፍ ነጥቀህ ትሰጠኝ ነበር?»

ልክነሽ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። የማሚቱ የሚቀጥለው መርፌ ሰዓት ደርሷል፤ በቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብልቃጦች ደግሞ የማቴዎስ ናቸው። ማንም ሊጠይቀው አልደፈረም።

«ስንት ቀን ይቀራታል?» አለ ማቴዎስ በመጨረሻ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ሰሊሆም በጣቷ ቆጥራ።

ማቴዎስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንቺው በጥብጪ፤ አንቺው ውጊያት። የእሳቸው እጅ ግን እንዳይነካው።»