የሦስቱ ዝይዎች ምድጃ

ዮፍታሄ የሞተው ከመጠጥ ቤቱ ሁሉ አብልጦ በሚወደው ቦታ ነበር፤ ከምድጃው ፊት ለፊት፣ በቆዳ በተለበጠው ረጅም አግዳሚ ላይ ተጋድሞ። ማክሰኞ ጠዋት ምግብ አብሳይዋ በለጥሽ ስትገባ የተኛ መስሏት ኮቴዋን አጠፋች። ከንፈሩ ቀልቷል፤ ከጤነኛ ሰው ይበልጥ ጤነኛ ይመስላል። ብርድ ልብሱን ልታስተካክልለት ትከሻውን ስትነካው ግን ገላው እንደ ሳንቃ ደርቋል።

ኤልሳቤት የተጠራችው ሐሙስ ዕለት ነው።

«ፖሊሱ ጣቱን የቀሰረው በለጥሽ ላይ ነው፣» አሏት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ዱባለ፣ ጭምብላቸውን ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ። «ሰኞ እሳቱን ያነደደችው እሷ ናት። ምድጃው ላይ የከሰል አመድ ተገኘ፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤ የከሰል መርዝ ነው የገደለው። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል።»

«እሷ ምን ትላለች?»

«ታለቅሳለች እንጂ ምን ትላለች? የመኖሪያ ፔርሚቷን የሚያድሰው ቢሮ በኮሮናው ሎክዳውን ዝግ ነው። አንዴ እጃቸው ከገባች ወደ አገር ቤት መጠረዟ ነው። ቶኮዛ ሰፈር ያሉትን ሁለት ልጆቿን ማን ይይዛቸዋል?»

«ጋሼ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም።»

«የተቃጠለ ቤት አይተሽ እንዴት እንደተቃጠለ ትናገሪያለሽ አሉኝ።»

«ለኢንሹራንስ ድርጅት ነው የምናገረው።»

«እንግዲህ አንዴ ደግሞ ለእኛ ተናገሪ።»

«ማናሴስ ሰማ?» ስትል ጠየቀች ኤልሳቤት። ማናሴ የመጠጥ ቤቱ የባንኮኒ ሰው ነው፤ ዮፍታሄን ወንድሜ እያለ የሚጠራ።

«እንደ ወጉ አረዳነው። ማክሰኞ ማንም እንዳይነግረው አፍ አፋችንን ይዘን ዋልን። ረቡዕ ንጋት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ሂልብሮው ሰፈር ክፍሉ ድረስ ሄድን። በሩን ከፍቶ ገና ሲያየን ‹ዮፍታሄን! ወንድሜን!› ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ማንሳት አቃተን።»

ኤልሳቤት እንግሊዝ አገር ተምራ አዲስ አበባ የተመለሰች፣ እዚያም መቀመጥ አልሆንላት ብሎ ጆሃንስበርግ የመጣች ሴት ናት። የሚነግሯትን ነገር ሁሉ አገላብጣ ካላየች አታምንም። «ሦስቱ ዝይዎች» የሚባለውን ይህን መጠጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ልትስቅበት ነበር። ከሂልብሮው በሚኒባስ ታክሲ ሃያ ደቂቃ ርቆ፣ ኮረብታ ጥግ ላይ፣ የእንግሊዝ ገጠር የናፈቀው አንድ ሽማግሌ የትውልድ መንደሩን መጠጥ ቤት አስመስሎ የሠራው ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ግድግዳው ላይ የፈረስ ጌጥ የተደረደረበት። ጣሪያውን የተሸከሙ የሚመስሉት ወፋፍራም ወራጆች በጣት ሲቆረቁሯቸው ውስጣቸው ባዶ ነው። እሷ በተማሪነቷ ያየቻቸው የመንደር ቤቶች እውነተኛ ነበሩ፤ ይሄ ቅጂ ነው።

ሆኖም በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች፤ ከዚያም በኋላ ቅዳሜ አልቀረችም። ሙዚቃ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ አስተናጋጅ እየመጣ ምን ልጨምር አይልም። አንድ ብርጭቆ ይዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ነውር አይደለም። የማያውቁት ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ከየት እንደመጡ፣ ምን ወረቀት እንዳለዎት አይጠይቅም። ደንበኛ ሁሉ ኩባያው የሚሰቀልበት የራሱ ሚስማር አለው። ዮፍታሄም እንግሊዝ ተምሮ የመጣ ሰው ነበርና ይህ ሁሉ ገብቶት፣ ቤቱን ከስምንት ዓመት በፊት ተረከበው።

ኤልሳቤት ምድጃው ፊት ተንበርክካ አመዱን በማንኪያ ጫፍ ሽፋን በሽፋን ገለጠችው። ላይኛው የከሰል አመድ ነው። ከሥሩ ግን ነጭ የእንጨት አመድ አለ፤ ወደ ጥግ የተገፋ ግማሹ የነደደ ፍልጥም ቀርቷል። ክንዷን ወደ ጭስ ማውጫው አስገብታ ዳሰሰች። ዓይን የማያየው መዝጊያ ብረት ከውስጥ ጥርቅም ብሏል።

«በለጥሽ፣ ሰኞ ምን ነበር ያነደድሽው?»

«ፍልጥ ነው። ከሰሉ ጓሮ በረንዳ ላይ ነው ያለው፤ ለሥጋ መጥበሻ እንጂ እዚህ አናነድም።» ዓይኗ አብጧል። «ሰባት ሰዓት ላይ ምሳውን በሳህን፣ ሻዩን በኩባያው አቀረብኩለትና ወጣሁ። ሁልጊዜ በልቶ እዚሁ ያሸልባል። መስኮቱን ለበሽታው ብለን አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው የምንተወው።»

«ማክሰኞ ስትገቢስ?»

«መስኮቱ ዝግ። ሳህኑ ወጡ ደርቆበት ጠረጴዛው ላይ።»

«ኩባያውስ?»

በለጥሽ ጠረጴዛውን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ሚስማሮቹን ተመለከተች። የዮፍታሄ ኩባያ ታጥቦ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ተሰቅሏል።

«እኔ አልሰቀልኩትም፣» አለች ቀስ ብላ።

«ራሱ አጥቦት ይሆን?»

«ዮፍታሄ? ነፍሱን ይማርና፣ ስምንት ዓመት አንድ ማንኪያ ሲያጥብ አላየሁም።»

ከዮፍታሄ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በለጥሽ፣ ማናሴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ኤልሳቤትን የገረማት ሰው። ሀይለየሱስ የተባለ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ስፓዛ ለሚባሉት ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ።

«ቁልፉን ራሱ ነው የሰጠኝ፣» አለ ሀይለየሱስ እጁን በሳኒታይዘር እያሸ። «ቅዳሜ ጠዋት ልለካ መጥቼ ነበር።»

«ምን ልትለካ?»

«አልነገረሽም እንዴ? ቤቱን ለእኔ ሊያስተላልፍ ነበር። መጋዘን አደርገዋለሁ። መጠጥ በተከለከለበት አገር መጠጥ ቤት ምን ይሠራል? ነገ አርብ ልንፈርም ቀጠሮ ነበረን። አሁን ውል የለ፣ ቤት የለ፤ ማንን እንደማናግር አላውቅም።»

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ዮፍታሄ እዚሁ ምድጃ አጠገብ ከኤልሳቤት ጋር ሲስቅ ነበር። «ክልከላው ሲነሳ ወንበሮቹን እናሳድሳለን፣ ቀለሙን አንቺ ትመርጫለሽ፣» ብሏታል።

«ስትለካ ማን ነበር?»

«ማናሴ ነዋ። የቢራ ቧንቧዎቹን ሊያጥብ መጥቶ አገኘሁት። ቢራ በሌለበት ቧንቧ ያጥባል፤ እሱ ራሱ ጴንጤ ነው፣ ጠብታ አይቀምስም። ደግ ልጅ ነው፤ የሜትሩን ጫፍ ያዘልኝ። ባንኮኒው የሚነሳበትን ቦታ አብረን ለካን።»

ማናሴ ሂልብሮው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ከሦስት ሰዎች ጋር በሚጋራው ክፍል ተቀበላት። ወንበሩን ለእሷ ሰጥቶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። እንግሊዝኛውን ያሻሻለችለት እሷ ናት፤ ሰው በሌለ ሰዓት ባንኮኒው ላይ ጋዜጣ ያስነበበችው።

«ሰኞ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን ስጸልይ ዋልኩ፣ እህቴ። እናቴ ሆሳዕና ሆስፒታል ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ በኦክስጅን ነው የምትተነፍሰው። ስልክ በጮኸ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷን ነው እላለሁ።»

«እግዚአብሔር ይማርልህ። ቤቱ ሊተላለፍ እንደነበር ታውቃለህ?»

«የጌታ ፈቃድ ነው፣» አለ ወለሉን እያየ። ከዚያ ወሬውን ለመለወጥ ይመስል ፈገግ አለ። «በለጥሽን ተዉአት። ጠብ የማታውቅ ሴት ናት። እኔና እሷ የተጣላነው አንዴ ኩባያ ስታጥብብኝ ብቻ ነው። ሳህን ማጠብ የወጥ ቤት ነው፣ ኩባያ ማጠብ የባንኮኒ። እኔ ሳህን አላጥብም፣ እሷም ኩባያ አታጥብም፤ ዮፍታሄ ነው ሥርዓቱን ያስተማረን።»

ኤልሳቤት ደረጃውን ስምንት ፎቅ በእግሯ ወረደች። ሊፍቱ ይሠራ ነበር።

አርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በሦስቱ ዝይዎች ተሰበሰቡ፤ ወንበሮቹ ተራርቀው፣ መስኮቶቹ ተከፍተው። የሐምሌ ብርድ እስከ አጥንት ይገባል፤ ምድጃውን ግን ማንም ላንድደው አላለም።

«በለጥሽ ያነደደችው እንጨት ነው፣» አለች ኤልሳቤት ቆማ። «አመዱ ከሥር አለ። እንጨት ሲነድ የጭስ ማውጫው መዝጊያ ዝግ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ዮፍታሄ ይነቃ ነበር። ስለዚህ እሷ ከሄደች በኋላ፣ እሱ ሲያሸልብ፣ ሌላ ሰው በቁልፍ ገባ። ፍልጡን ወደ ጥግ ገፍቶ በፍሙ ላይ ከሰል ጨመረ፤ ፍም የሆነ ከሰል አይጨስም፤ ሽታ የሌለው መርዙ ግን ይገድላል። መዝጊያውን ሳበ፣ መስኮቱን ዘጋ። በዚህ ዝቅ ባለ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰዓት ይበቃል።»

ሀይለየሱስ ተቁነጠነጠ። «ሁላችሁም ወደ እኔ አትዩ።»

«አንተ ዮፍታሄ በሕይወት ኖሮ ዛሬ እንዲፈርምልህ ነበር የምትፈልገው። በሞቱ የከሰርከው አንተ ነህ።» ወደ ግድግዳው ዞረች። «የገባው ሰው ሊወጣ ሲል ጠረጴዛው ላይ ሳህንና ኩባያ አየ። ኩባያውን አጥቦ በሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤ ሳህኑን ተወው። በለጥሽ ተመልሳ ቢሆን ኖሮ የምታነሳው ሳህኑን ነበር። ይህን ያደረገው ሐሳብ አይደለም፤ ስምንት ዓመት የለመደ እጅ ነው።»

ማናሴ ቀና ብሎ ሚስማሩን አየ።

«ኩባያው ብቻውን አልበቃኝም፣» ቀጠለች ኤልሳቤት። «ምናልባት ለአንድ ቀን ዮፍታሄ ራሱ አጥቦት ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንዲሆንም እፈልግ ነበር። ጋሼ ዱባለ፣ ረቡዕ ንጋት ማናሴ በሩን ሲከፍት የማንን ስም ጠራችሁ?»

«የማንንም። አፋችንን ሳንከፍት ወደቀ።»

«ከእናንተ ማን ቀድሞ ነገረው?»

ሽማግሌው አሰቡ። «እኔ ሌሎቹ ነግረውት መስሎኝ ነበር። ሌሎቹም ያው እኔ የነገርኩት መስሏቸው ይሆናል።»

«ማንም አልነገረውም። እናቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ በኦክስጅን ላይ ያለች ልጅ ንጋት ላይ ሦስት ሽማግሌ በሩ ላይ ሲያይ ‹እናቴን!› ብሎ ነው የሚጮኸው። ማናሴ የጮኸው ምንም ያልታመመውን ጤነኛ ጎልማሳ ስም ጠርቶ ነው።»

ማናሴ ጭምብሉን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጠፈው።

«ዳቬይተን ሰፈር፣ ሱቅ ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ሸጥኩ፣» አለ ለኤልሳቤት ብቻ የሚናገር ይመስል። «ሰው ለእኔ በብረት መሃል የሚገባ እጅ ነበር። ሳንቲም ይዞ ይሁን ሽጉጥ ሳላውቅ እቀበላለሁ። እዚህ የመጣሁ ቀን ዮፍታሄን ‹ፍርግርጉ የታለ?› አልኩት፤ ሳቀብኝ። አንድ ሽማግሌ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደግፎ ስሜን ጠየቀኝ። በዚህ አገር ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው ነው። ‹ቤቱ የሁለታችን ነው› ይለኝ ነበር ዮፍታሄ። ቅዳሜ ማታ ደውዬ ለመንኩት። ‹ሥራ አታጣም፣ በሩ ላይ ፍርግርግ አስገብተን መጋዘኑን ትጠብቃለህ› አለኝ።»

ዮፍታሄ ኤልሳቤትንም ማናሴንም ከድቷቸዋል፤ ይህን ስታስብ ለአፍታ ከማናሴ ጎን የቆመች መሰላት፣ ወዲያውም ከራሷ ፈራች።

በለጥሽ ከወንበሯ ተነሳች። ርቀቱን ረስታ ፊቱ ድረስ ሄደች።

«ትናንት ማታ ቶኮዛ ቤቴ መጣህ። ለልጆቼ ዳቦ ይዘህ። ራሴ ላይ እጅህን ጭነህ ጸለይክልኝ። ትንሿ ልጄ ‹አሜን› እያለች አብራህ ጸለየች።»

«በሊ…»

«ምን ብለህ ነበር የጸለይከው?»

«እንዳይወስዱሽ።»

«ከልብህ?»

«ከልቤ።»

«ታዲያ ለእግዚአብሔር የነገርከውን ለፖሊሱ ለመንገር ምን ቸገረህ?»

በለጥሽ ሻርፕዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ እጁ ያረፈበትን ቦታ በጫፉ ደጋግማ ጠረገች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውጭ የፖሊሱ መኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ኤልሳቤት ሄዳ በሩን ራሷ ከፈተች።