በላሜራ የተሸፈነው ደረጃ

አናጺው ሽማግሌ ከኋለኛው ደረጃ ግርጌ ሞቶ የተገኘው እኩለ ቀን ላይ ነው። ያገኘችው ከትምህርት ቤት ለምሳ የመጣችው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ልጅ ናት። አራት ተኩል ላይ ውሃ ስለመጣ የግቢው ሴቶች ከደረጃው አሥር እርምጃ ርቀው ልብስ ሲያጥቡ ነው ያረፈዱት፤ ግን ምንም አላዩም። ደረጃው ከላይ እስከ ታች በላሜራ ተሸፍኗል።

ያስሸፈነው ሰብሳቢው ነው። አምና እዚያ ደረጃ ላይ ልጁን ሌባ አንቆ ዘረፋት። ከዚያ ወዲህ ክፍት ነገር ሲያይ ያንቀጠቅጠዋል። አናጺው ግን በየስብሰባው፣ ሌባ የሚፈራው ዐይን ነው እንጂ ብረት አይደለም እያለ ይሟገተው ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ የግቢው ጥበቃ በካቴና ታስሮ ጠበቃት። አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌውን ሲገፈትረው ከበረንዳዬ አይቻለሁ ብሎ ሰብሳቢው መስክሮበታል። የጥበቃው ሚስት እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል መርማሪዋ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«እትዬ፣ ቀኝ እጁ ከተሰበረ ወዲህ ከደረቱ በላይ አይነሳም። ሸሚዙን እንኳ የማለብሰው እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ አራት ብሎን አገኘች። ደረጃውን ወጣች። ላሜራው ሁሉ በብሎን ተመቷል፤ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ያለው ብቻ ከራሷ በላይ በነጭ ሽቦ ታስሯል። ከዚያ ሰብሳቢው ቤት ገባች። እርጥብ ልብስ ወንበሩ ላይ ተከምሯል። የልብስ ማስጫው ተበጥሶብን ነው አለ ሰብሳቢው፣ ሳትጠይቀው። በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል አየች።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ፣ ሲገፈትረው ያዩት ከበረንዳዎ ነው?»

«ነው አልኩ እኮ።»

«ላሜራውን አሳልፈው?»

«ዐይኑ ብረት ይበሳል እንዴ?» አለች አንዷ አጣቢ።

«ያኔ አንዱ ወርዶ ነበር» አለ ሰብሳቢው ፈጠን ብሎ።

«ልክ ነው። ሽማግሌው ነው የፈታው፤ ብሎኖቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። መልሶ ሳይመታው ወደቀ። ታዲያ ማን መለሰው? ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ የሚያስር ሰው ነው። ጥበቃው ይህን አይችልም። ያሰረበት ሽቦ ደግሞ በረንዳዎ ላይ ከቀረው የልብስ ማስጫ ቁራጭ ጋር አንድ ነው። ደግሞስ፣ ሰው ሲገፈተር ያየ ሰው ይጮሃል እንጂ ልጁ ሬሳ ላይ እስክትደናቀፍ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።»

ሰብሳቢው ልጁን አየ። አጎንብሳለች።

«ተው አልኩት» አለ። «ለልጄ ስል ነው የዘጋሁት፣ አትክፈትብኝ አልኩት። እምቢ አለኝ። ገፋሁት። አልተንቀሳቀሰም… ሞቷል ብዬ ዘጋሁበት።»

መርማሪዋ የጥበቃውን ካቴና ፈታች። ቅድም የቀለደችው አጣቢ ቀስ ብላ የሳሙና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አልሞተም ነበር» አለች። «እስከ አምስት ሰዓት ላሜራው ከታች ሲንኳኳ ሰምተናል። አባባ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው ብለን… ስቀን ዝም አልን።»